ቀሪ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ በመጋቢት መሀል፣
ቸርችል ጎዳና ላይ መኪናው ሲጎድል፣
«ሥራ ይቀልልናል» ብለን ነበር እኛ፣
የጀሶ ክፍል ሰዎች፣ የስብራት ጓደኛ።
ጎዳናው ከጸዳ ማን ማንን ይገጫል?
ሰው ቤቱ ከዋለ አጥንት የት ይሰበራል?

ተሳሳትን።

መንገዱ ሲለቀቅ ልጆቹ ወረዱ፣
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በስኬት ነጎዱ።
አንዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ ከነፍጥነቱ
ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ተማከረ ጉልበቱ።
ሦስት ቀን በወጌሻ ታሽቶ መጣልን፣ አብጦ፣
«ሆስፒታል በሽታው አለ» ተብሎ፣ ተደብቆ፣ ተቀምጦ።

ሶስና ጣሪያ ላይ የወጣችው ኔትወርክ ፍለጋ ነው፤
የፊዚክሱ መምህር ትምህርቱን በቴሌግራም ነው የሚልከው።
የዛገ ቆርቆሮ አላመናትም፤
ክንዷ ሁለት ቦታ፣ ስልኩ ግን አልተሰበረም።

አንዱን ደግሞ አባቱ ይዞት መጣ።
«ከደረጃ ወድቆ ነው» አለን።
እኛም ካርዱ ላይ ጻፍን፦ ከደረጃ ወድቆ።
ከዚያ ሰፈር ነኝ፤ አውቃለሁ።
ቤታቸው ደረጃ የለውም።

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ቁጥር ያነባል፦
ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል አረፈ።
የኛ ግን ክንድ በክንድ፣ ጭን በጭን፣
ከቁጥሩ በስተጀርባ በዝምታ አለፈ።

ፍራኦልን በሰኔ ዝናብ አመጡት።
«ዕድሜህ ስንት ነው?»
«አሥራ ስምንት።»
አሠሪው ያስጠናው መልስ ነው፤ አገጩ ላይ ገና ምንም የለም።
ሰንጋተራ፣ ከሚሠራ ፎቅ፣ ከሦስተኛው ወለል፤
የባሕር ዛፉ መወጣጫ ረጥቦ፣
ትከሻው ላይ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ።
«ከረጢቱ ቀደመኝ» ይላል፣ ይስቃል፤
«ባይቀድመኝ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ምን ላይ አርፍ ነበር?»

አስታማሚ አይገባም ተብሏል።
እናቱ ምሳውን በፌስታል ለጥበቃው ሰጥታ
ከአጥሩ ማዶ በስልክ መስኮት ትቆጥራለች።
«አምስተኛው ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው ነህ?»
«አይደለም፣ አራተኛው፤ ይኸው እጄን አያወዛወዝኩ።»
«አየሁህ! አየሁህ የኔ ልጅ!»
አልጋው ከመስኮቱ ሩቅ ነው።
የማን እጅ እንዳየች እግዜር ይወቅ።

በደኅናው ዘመን ጀሶ ነጭ ሆኖ አያድርም፤
ጓደኛ ይመጣል፣ እስክሪብቶ ይመጣል፣
ስም ይጻፍበታል፣ ልብ ይሳልበታል፣ ስድብም።
የሱ ከዳሌ እስከ ጣት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ
ማንም ያልመለሰው የፈተና ወረቀት።

«አንተ ጻፍልኝ» አለኝ አንድ ቀን።
«ምን ብዬ?»
«ስም ጥሪውን። ስምንተኛ ለ።»
ዓይኑን ጨፍኖ በፊደል ተራ ጠራልኝ፦
ሀያት ሸምሱ። መክሊት ታፈሰ። ረድኤት። ሰሚር።
ጉልበቱ ጋ ስንደርስ በፀሎትና ናትናኤል፣
ከቅልጥሙ በታች ኢፋ፣ ካሌብ፣ «እሱ ይኮርጃል» የተባለው ዳግም።
ጓንቴ በላብ ረጠበ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦታ ጠበበ።
«ፍራኦል ደበላ» አለና ዝም።
ማስኩ ተነፋ፣ ተመለሰ።
«ከጎኑ ቀሪ በል።»
አልኩ። በትንሽ ፊደል።

ጳጉሜን ላይ ጀሶው ሊፈታ መጣ።
መጋዟ ስትጮኽ አልደነገጠም፤
ነጩ ለሁለት ተከፈለ፣
ሀያት ወዲያ፣ ሸምሱ ወዲህ።
ከሥሩ ቀጭን፣ ግራጫ፣ የሌላ ልጅ የሚመስል እግር።

«ትምህርት ሊከፈት ነው ይላሉ» አልኩት፤ «ይህን ውሰደው፣ ታሳያቸዋለህ።»
ስሞቹን አላየም።
እግሩን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጎ አኖረና
«ሃምሳ ኪሎ መሸከም የምችለው መቼ ነው?» አለኝ።

ስምንተኛ ለ በርሜል ውስጥ ገባ፣
ከጥጥና ከፋሻ ጋር፣ ሙሉ ክፍሉ።
ራጁን ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ አጥንቱ ገጥሟል።
ያኔ ደረጃውን እንደጻፍኩ
ይህንንም ጻፍኩ፦ ድኗል።